ወይንእሸት የቆረጠቻቸው ክኒኖች

ወይንእሸት የቢቸና ልጅ ናት። በፋርማሲ ዲፕሎማዋን እንደያዘች በ1996 ዓ.ም. ሞጣ ከተማ አንድ የግል መድኃኒት ቤት ተቀጠረች፤ እዚያው ስጦታው የሚባል መምህር አገባች።

ከደንበኞቿ ሁሉ የምትወዳቸው የቅኔ መምህሩን የኔታ ሣህለ ማርያምን ነበር። የመገጣጠሚያ በሽታ ጣቶቻቸውን አጣምሞባቸው መጽሐፍ መግለጥ እንኳ ያቅታቸዋል። ባሕር ዳር ያለ ሐኪም ሜቶትሬክሴት የሚባል ክኒን አዘዘላቸው፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ አንድ ተኩል ፍሬ።

«ግማሹን አንቺው ቁረጪልኝ ልጄ፣ ጣቴ እምቢ አለኝ» አሏት።

በየወሩ ትቆርጥላቸው ጀመር። በባዶ እጇ፣ በምላጭ፣ የሌላው ሰው ክኒን ሁሉ በሚቆጠርበት ሳህን ላይ። ብናኙን እፍ ትለዋለች። ያኔ የሁለት ወር እርጉዝ ነበረች።

ፅንሱ ወረደ። በዓመቱ ደግማ ፀነሰች፤ እሱም ወረደ። ጎረቤት ሾተላይ ነው አለ። ጠበል ገባች። ስጦታው አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም፤ ብቻ ከሥራ ስትመለስ ፊቷን ማየት ተወ። እሷም መቁረጧን ቀጠለች።

በ2002 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ለሥልጠና ተላከች። አሠልጣኟ የክኒኑን ካርቶን ከፍ አድርጋ አሳየች።

«ይህ ያለ ጓንት አይነካም። አይቆረጥም፣ አይፈጭም። እርጉዝ የሆነች ሠራተኛ ደግሞ ጨርሶ አትጠጋውም። ፅንስ ያስወርዳል።»

ወይንእሸት እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር አወረደች። በእረፍት ሰዓት አሠልጣኟን ለብቻዋ አግኝታ ስለ ወረዱባት ሁለት ፅንሶች ጠየቀቻት።

«እሱ ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል» አለች አሠልጣኟ። «አሁን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርሽ አይችልም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እጇን ስትታጠብ ብናኙ ጣቷ ላይ ያለ ይመስላታል። ከምላጩ ሥር ክኒኑ ሲሰነጠቅ የሚሰማው ቀጭን ድምፅ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆማ እንኳ ይመጣባታል። በዚያ ሳህን ላይ የደም ማነስ ክኒን የቆጠረችላቸው እርጉዞችም ፊታቸው ይታያታል፤ ስማቸውን ግን አታውቅም።

ሞጣ እንደተመለሰች ለብቻው የሚቀመጥ ሳህን፣ ጓንትና ማስክ አስገዛች። ከዚያ ባሕር ዳር ላለው ሐኪም ደወለች።

«አነስ ያለው ክኒን አለ እኮ!» አላት። «ስድስት ሙሉ ፍሬ ይዋጡ። መቁረጥ ለምን አስፈለገ?»

ያን ሁሉ ዓመት የቀረው አንድ ስልክ መደወል ብቻ ነበር።

የኔታ በቀጠሯቸው መጡ። ጓንቷን አይተው ምክንያቱን ጠየቋት። የክኒኑን ጠባይ ነገረቻቸው፤ ስለ ራሷ አላነሳችም። ሽማግሌው ግን ጠበል ስትመላለስ ያዩዋት ነበር።

«ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበርሽ» አሉ ቀስ ብለው።

«የኔታ፣ በእርስዎ አይደለም።»

መድኃኒቱን ባንኮው ላይ ጥለው ወጡ። ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ቢቸና ልጃቸው ወለተ ሥላሴ ቤት እንደገቡ በኋላ ሰማች።

ከወር በኋላ አነስተኛዎቹን ክኒኖች ይዛ በአውቶቡስ ቢቸና ሄደች። የኔታ መደብ ላይ ተኝተዋል፤ ጉልበታቸው አብጧል። ወለተ ሥላሴ በማንኪያ ታጎርሳቸዋለች።

«አልወስድም» አሉ። «የልጆችሽን ዕድሜ ነው የምውጠው።»

«እርስዎ ቢሰቃዩ እነሱ አይመለሱልኝም። ይሄኛው አይቆረጥም። ይዋጡልኝ፣ አባቴ።»

የኔታ ቀና ብለው አይዋት።

«ስም አውጥተሽላቸው ነበር?»

«አላወጣሁም።»

አለቀሱ። ስድስቱን ፍሬ በጓንት እጇ አንድ በአንድ አጎረሰቻቸው።

የኔታ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖሩ፤ በምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድም በቁ። ወይንእሸት አልወለደችም። አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር የዚያን መድኃኒት አያያዝ ራሷ ታስተምራለች። ለምን እንደምታጠብቅ ሲጠይቋት ግን እስካሁን ለአንዳቸውም አልነገረችም።