ሞኖሬሉን እንደ ጣሪያ ስናነሳው

እኔ እልኸኛ ነኝ። የኮሌጃችን ዲን ይህን ረስቶ ነው መሰለኝ፣ በሰልጣኞቼ ፊት «ኢንጅባራ ላይ ሞኖሬል? የማይመስል ነገር ለሚስትህ አትንገር» ብሎ የሳቀብኝ። ለዞኑ የቴክኖሎጂ ውድድር ያቀረብኩት ከመንገድ በላይ በአንድ ሐዲድ የሚሄድ የከተማ ባቡር በርካሽ የሚሠራበትን ዘዴ ነበር። «ጎረቤታችን ዳንግላ ገና በጋሪ እየሄደች!» አለ። «እኔ የማወራዎት ስለ ወጪው ነው» አልኩት።

ነገሩ ቀላል ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያስወድደው ባቡሩ የሚሄድበት ረጅም የኮንክሪት ቢም ነው። እላይ ቦታው ላይ እንሙላው ካልን መንገዱን ሙሉ ድጋፍ እንጨት መትከል፣ ለእያንዳንዱ ቢም ኮንክሪቱ የሚሞላበትን የሳንቃ ሣጥን፣ ካሳፎርማውን፣ እንደ አዲስ መምታት አለ። እኔ ግን በአንድ ካሳፎርማ እየደጋገምን መሬት ላይ እንሙላው፣ እንዲቀልም መሀሉን ቀርከሃ ከተን ባዶ እናድርገው፣ ሲደርቅ አንስተን እንስቀለው ነው ያልኩት። ዲኑ «ዳኞቹ ፊት ከተሰበረ መዝገብ ቤት ትገቢያለሽ፤ ማስተማሩን እርሺው» አለኝ። ከማስተማር ሌላ የምወደው ሥራ የለኝም። ፈራሁ፣ ግን አልተውኩትም፤ ከሰልጣኞቼ ጋር ግቢው ውስጥ አንድ የሙከራ ቢም ሞላን፣ የሚያርፍባቸውንም ሁለት ኮለኖች አቆምን።

የውድድሩ ቀን ዳኞቹ ግቢ ገብተው ሲጠብቁ፣ ቢሙን የምናነሳበት ፓራንኮ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ዲኑ ሰዓቱን አየ። እኔ ወደ በሩ ሮጥኩ። የገበያ ቀን ስለነበር የገጠሩ ሰው በበራችን ያልፋል። በአዊኛ «ጣሪያ አስነሱኝ!» አልኩ። እኛ አገር የጎጆ ጣሪያ መሬት ላይ ይዋቀርና ጎረቤት ተጠራርቶ ግድግዳው ላይ ያሳርፈዋል። ለዚህ ተጠርቶ እምቢ የሚል የለም።

ገቡ። ጣሪያ አለመሆኑን አይተው ሳቁብኝ። ቢሆንም በቢሙ ሥር አጣና አሳለፉ፣ አንድ ሽማግሌ ሲያዟቸው እኩል በትከሻቸው አነሱት፣ ኮለኖቹ ላይም አሳረፉት። ተመስገን ሳልል ሰዎቹ ተከታትለው ላዩ ላይ ወጡ። ጉድ ፈላ! ጣሪያ ሲያርፍ ወጥቶ ረግጦ መሞከር ወጋችን ነው፤ እኔ ነኝ የረሳሁት። ዳኞቹ ሊጭኑበት ያዘጋጁት የአሸዋ ከረጢት የእነሱን ያህል አይከብድም ነበር። «መሀሉ ባዶ ነው፣ ውረዱ!» ብዬ ጮህኩ፤ ማን ሰምቶኝ!

ቢሙ ንቅንቅ አላለም። አንዱ ዳኛ ጎንበስ ብሎ ከሥር ስንጥቅ ፈለገ፣ አጣ። «አሸዋው ይቅር፣ አልፏል» አለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ሽማግሌው ሱፍ የለበሰውን ዲናችንን የቤቱ ጌታ አድርገውት ኖሮ፣ «ቤትህ ይቁም፤ ጠላውስ የታለ?» ብለው መረቁት። ዲኑ አቀረቀረ። ከዚያ በዳኞቹም በሰልጣኞቼም ፊት ወደ እኔ ጠቆመና «ባለቤቷ እሷ ናት አባቴ፤ ነገም የምታስተምረው እሷው ናት» አለ።

ሽማግሌው ዞረው እጃቸውን ዘረጉልኝ። «እንግዲያው ቤትሽ ይቁም» አሉኝ።

«ቆሟል አባቴ» አልኳቸው።