የሰረዝኩት የእትዬ ሙሉ ፋይል

ትናንት፣ መቱ ላይ የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ያላቸው ጋሼ ቶሎሳ፣ “ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ኮምፒውተር የምታስተምሪው አንቺ ነሽ” አሉኝ። በደስታ እስከ ቤት ሮጥኩ። አስከትለው ያሉት ግን አብሮኝ ሮጠ፦ “ብቻ እንደ ሙሉ ቫይረስ እንዳታመጪብኝ።”

ቫይረስ ያመጡት እትዬ ሙሉ አይደሉም። ቫይረስም አልነበረም። ይህን እስከ ትናንት ለእናቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ክረምቱን እዚያ ቤት ኮምፒውተር እለማመድ ነበር። የደንበኛ ፍላሽ ዊንዶውሱን በቫይረስ እየደጋገመ ሲያበላሽባቸው፣ ጋሼ ቶሎሳ ኮምፒውተሩን ሊኑክስ ወደሚባል ሌላ ሲስተም አስቀየሩት። ጸሐፊያቸው እትዬ ሙሉ “እኔ ከዎርድ ሌላ አላውቅም” ብለው አኮረፉ። ዋይን በሚባል ፕሮግራም የዊንዶውሱን ዎርድ ሊኑክስ ላይ ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ግንባሬን ሳሙኝ። ኩራቴ ልክ አጣ።

በማግስቱ ብቻዬን ሆኜ ፋይላቸውን ከፈትኩ። የያዮ ማር አምራቾች ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ነው፤ በዊንዶውሱ ጊዜ ሁለት ሳምንት ለፍተውበታል። አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም፤ የፈረንጅ ፊደልና ጭረት ብቻ ተዥጎርጉሯል። ቫይረስ በላው አልኩ። ማንን ጠየቅሁ? ማንንም። ሌላውንም እንዳይበላ ብዬ ፎልደሩን እንዳለ ሰረዝኩ። እኔ ሰረዝኩ።

የማኅበሩ ሰዎች ሲመጡ ፋይሉ የለም። ጋሼ ቶሎሳ ደንበኛ በሞላበት እትዬ ሙሉን “ፍላሽሽ ነው በቫይረስ ያስበላን” አሏቸው። እትዬ ሙሉ ወደ እኔ ዞሩ፦ “አንቺ ታውቂኝ የለ? ፍላሽ ስሰካ አይተሻል? ተናገሪ እንጂ።” እኔ የፎቶኮፒ ወረቀት አስተካክል ጀመር። የተስተካከለውን ወረቀት። በዚያው ሳምንት ተሰናበቱ፤ አሁን ሁሩሙ ገበያ ላይ በርበሬ ይቸረችራሉ።

ዘንድሮ ነው የገባኝ። ደንቡ የተጻፈው በድሮው የግዕዝ ፎንት ነበር፤ ፎንቱን ሊኑክሱ ላይ ስላልጫንኩ ነው አማርኛው የፈረንጅ ፊደል ሆኖ የታየኝ። ፋይሉ ጤነኛ ነበር። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ለመሰረዝ ያላነስኩ ለመናገር እንዴት አነስኩ?

ዛሬ ጠዋት ሁሩሙ ሄጄ ነገርኳቸው። በርበሬውን እያገላበጡ፣ “ለእኔ ብቻ ብትነግሪኝ ምን ይበጀኛል?” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ይህን የምታነቡ የመቱ ሰዎች፣ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ቶሎሳ ቤት ኑ። ከትምህርቱ በፊት ይህንኑ በጋሼ ቶሎሳ ፊት እናገራለሁ። ማስተማሩ ይቀርብኝ ይሆናል። ያን ቀን እትዬ ሙሉ ሲወቀሱ ቆማችሁ የሰማችሁ ግን አትቅሩ፤ ይህንንም መጥታችሁ ስሙልኝ።