ምንም ያልሆነ ውሃ

የዚያን ዓመት የተራራው በረዶ ቀስ እያለ ነበር የቀለጠው። ጣሪያው ቀኑን ሙሉ ይንጠባጠባል፤ እጃችን ገና ከብርዱ አልተላቀቀም፤ ልባችን ግን ያለ ምክንያት ፍክት ይል ነበር።

ጎረቤቴ ኪኩኖ ከመንደራችን በላይ፣ ወንዙ ከሚነሳበት፣ በየሳምንቱ ውሃ ትቀዳለች። ለመጠጥ አይደለም፣ ለዩኒቨርሲቲው ነው። ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ደጋግማ ታለቀልቅና ሞልታ ትልክላቸዋለች። እነሱ ይለካሉ፤ ምኑን እንደሚለኩ ጠይቀን አናውቅም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ናጎያ ከተማ ያለችው ልጇ፣ "እማዬ፣ እኔ ጋ ነይ" ባለቻት ቁጥር፣ "ውሃውን ማን ይቀዳል?" ትላለች። መንደሩ ውስጥ ያቆያት ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲው ኩጊሚያ የሚባል ወጣት ኪኩኖ ቤት መጥቶ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ።

"ወይዘሮ ኪኩኖ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ውሃው ከዓመት ዓመት ያው ነው። ምንም ስላልሆነ መለካቱ በመኸር ይቆማል።"

"ንጹሕ በመሆኑ ነው የሚቀጣው?"

"እንደዚያ እንኳ... አዎ።"

ከአኩሪ አተር ቶፉ የተባለውን ምግብ የሚሠራው ሽማግሌ ማታሺቺ ይህን ሲሰማ ጉልበቱን መታ። "ለሰው ካልሆነ ለውሃው አምላክ እንንገረዋ!"

ከምንጩ አጠገብ ወዳለችው ትንሽ መቅደስ ወጣን። "መለካቱ አይቋረጥ" ብለን ለመንን፤ እንደ ልማዳችንም ለማንጻት ጨው በተንን። ማታሺቺማ፣ "ጉዳዩ ከባድ ነው" ብሎ ከረጢቱን ገለበጠው። እስከ መኸር ድረስ እየተፈራረቅን ጨው ይዘን ወጣን።

በመኸር ኩጊሚያ እየሮጠ መጣ።

"ጨው! ውሃው ውስጥ ጨው ጨምሯል! ከባሕር የመጣ ነፋስ ሳይሆን አይቀርም።"

ባሕሩ ከእኛ ስንት ተራራ ማዶ ነው። ማታሺቺ ጉሮሮውን ጠረገ። "አዎ፣ ኃይለኛ ነፋስ ነበር።"

"ስለዚህ መለካቱ አይቆምም! ማሽን እንተክላለን፤ ቀንም ሌሊትም ራሱ ይለካል። እርስዎ ከእንግዲህ ይረፉ፣ ወይዘሮ ኪኩኖ።"

ኪኩኖ አጎንብሳ አመሰገነች። ምን ታድርግ?

እሱ ሲሄድ ማታሺቺ፣ "ሮጬ እውነቱን ልንገረው?" አላት።

"ያን ጊዜ መለካቱን ጭራሽ ያቆሙታል። ተወው፤ የለመናችሁትን የሰጣችሁን አምላክ አታሳፍሩት።"

"ስምሽን ጨምረን መለመን ነበረብን" አለ። ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጇ በመኪና መጣች። ኪኩኖ ምክንያት የሚሆናት አላገኘችም፤ ዕቃዋን አስጫነች። አሁን ናጎያ፣ ልጇ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች።