በሎሚ የተጣደ ምስር

ሰፈሩ ራዲዮ ብሎ ይጠራዋል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ነበር፤ ከሾፌሩ ጀርባ ቆሞ ስለ ኩላሊት፣ ስለ ኮሜት፣ ስለ ሩቅ አገር ጦርነት ሲተነትን መውረጃው ያለፈበት ተሳፋሪ ቢሰበሰብ አንድ ወረዳ ይሞላል። የማያውቀው ነገር የለም፤ ካለም ይገምተዋል። ቤት ሲገባም አያባራም። ልብስ ሰፊ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ድስት ስትጥድ፣ እሱ ከወንበሩ ሳይነቃነቅ "እሳቱ በዛ"፣ "ጨው አነሰው" እያለ ወጥ ቤቱን ያስተዳድራል። እሷ "እሺ" ትልና የራሷን ትሠራለች። ትዳሩ ልጅ ባይወልድም በዚህ ዘዴ ሰላም ወልዶ ኖረ።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ሚስቱ ልትነሳ ስትል ቀኝ ጎኗ አልነሳም አላት። ምላሷም አብሮ ተያዘ። ሐኪም ቤት ሰንብታ ስትመለስ የቀሯት ግራ እጇና ዓይኖቿ ብቻ ነበሩ። ሐኪሙ የላመ ምግብ ብቻ ትብላ አለ። ከላመው ሁሉ ደግሞ ጉሮሮዋ እሺ ያለው የምስር ሾርባ ነው፤ ሌላውን ታስመልሰዋለች። ጎረቤት መጀመሪያ በየሳህኑ አመጣ፤ ቆይቶ ለአምስት ቤት አንድ ሳህን አመጣ፤ ኋላ ደግሞ "እንዴት አደረች?" የሚለውን ብቻ ይዞ መጣ። ክፋት አይደለም፤ ሁሉም የየራሱ ድስት አለው። ራዲዮ ሲያገላብጣት ከእሷ ይልቅ ብርድ ልብሱ ይከብደው ጀመር።

ይህን ጊዜ ታላቅ እህቷ ከሌላ ከተማ ደወሉ።

"አንተ፣ እህቴን ወሬ ነው የምታበላት?"

"ኧረ እትዬ፣ እኔ እያለሁ ምን ይጎድልባታል?"

"እሑድ እመጣለሁ። በእጅህ የሠራኸውን ስትበላ ካየሁ ትቆይ። አለዚያ ይዣት እሄዳለሁ። እኔ ቤት ደግሞ ከሴት ልጆቼ ጋር በአንድ ክፍል ተጣብበን ነው የምናድረው፤ ለአንተ የሚሆን ጥግ የለኝም። ከአሁኑ ልንገርህ።"

ስልኩን ዘግቶ ሲዞር ሚስቱ ሁሉንም ሰምታለች። ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። አልሄድም ማለቷ ነው፤ ለዚህ እንኳ አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

ምስር ማብሰል ግድ ሆነ። ራዲዮ ምክር ፍለጋ ሻይ ቤት ወረደ። የሰፈሩ ሻይ ቤት ከየትኛውም ሆስፒታል የሚበልጥ ሐኪም አለው፤ የጎደለው በሽተኛ ብቻ ነው።

"ምስር ምን ጣጣ አለው?" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ትለቅማለህ፣ ታጥባለህ፣ ትጥዳለህ። ቁም ነገሩ ሎሚው ነው። ሎሚ ደም ያቀጥናል። ውሃው ገና ሳይሞቅ ጨምቅበት።"

"ሎሚውንማ አውቃለሁ" አለ ራዲዮ፣ ገና አሁን መስማቱ ቢሆንም። "ስንት ሎሚ?"

"እንደ ፍቅርህ መጠን።"

እሑድ ጠዋት፣ እያየችው ደስ እንዲላት ብሎ፣ አልጋዋን ጎትቶ ከወጥ ቤቱ በር ፊት ለፊት አቆመው። ምስሩን ትሪ ላይ ዘርግቶ ለቀመ፤ ጠጠሩን መለየት ሲያቅተው የጠረጠረውን ሁሉ እያነሳ ግማሹን ምስር ለቆሻሻ ቅርጫቱ አበላው። የቀረውን አጥቦ ጣደና ሎሚ አነሳ። ይህን ጊዜ ሚስቱ በግራ እጇ በያዘችው ማንኪያ የአልጋውን ብረት መታች። አንዴ አይደለም፤ ደጋግማ።

"ምነው? አወቅሁ፣ አወቅሁ። እንዳታሳንሰው ነው የምትይው" አለና አንዱን ጨመቀ።

ማንኪያው ባሰበት። ብረቱ ሰፈሩን ለእሳት አደጋ የሚጠራ ይመስላል።

"እሺ በቃ፣ ሌላም እጨምራለሁ። አንቺ ሴት፣ ሎሚ እንዲህ ትወጂ ነበር እንዴ?"

ሁለተኛውንም ጨመቀው። እሷ ማንኪያውን ብርድ ልብሱ ላይ ጣለችና ዓይኗን ጨፈነች። እሱ እፎይ ያለች መሰለው።

አረፋው ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው፤ እንደገና ለኮሰ። ከደነ፣ ከፈተ፣ ውሃ ጨመረ፣ ደግሞ ከደነ። በዚያ ሁሉ ጋዝ አሮጌ አውቶቡስ ከነጎማው ቢቀቀል ይበስል ነበር። ምስሩ ግን ድስቱ ውስጥ እንደ ዶቃ ይንከባለላል። እትዬ በሩን ሲያንኳኩ ራዲዮ ላይ ላዩን በሹካ ደፍጥጦ፣ መረቅ አልብሶ፣ ሳህን ላይ አድርጎታል። ለዓይን ሾርባ ነው።

እትዬ ባዶ ቦርሳ ይዘው ገቡ፤ የእህታቸውን ልብስ ሊከቱበት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ቦርሳውን ጭናቸው ላይ አደረጉት።

"እስቲ አብላት።"

አንድ ማንኪያ ሰጣት። ዋጠች። ደገመ። ዋጠች። ከሐኪም ቤት ከወጣች ወዲህ እንዲህ ሳታመነታ አፏን ከፍታ አታውቅም። አታላምጥም። እያንዳንዱ ጉርሻ ሲወርድ የአንገቷ ጅማት ይገተራል፣ ዓይኗ ውሃ ያቀርራል፣ ከዚያ እንደገና አፏን ትከፍታለች።

እትዬ ቦርሳውን ቀስ ብለው ወለሉ ላይ አስቀመጡት።

"በላች እኮ። ካንተ ይሄን አልጠበቅሁም። እንግዲህ ትቆይ፣ ምን አደርጋለሁ። ውሃ ላምጣላት።"

እሳቸው ወደ ወጥ ቤት ሲሄዱ ራዲዮ ድሉን ሊያጣጥም አንድ ማንኪያ ወደ አፉ ከተተ። ጥርሱ መሃል ቀጭ አለ። ሌላም ነከሰ። ትሪው ላይ ሲለቅም ከጣለው ጠጠር ምንም አይለይም። ቀና ሲል ሚስቱ ሳህኑን ሳይሆን እሱን እያየች፣ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

ሳህኑን ከፊቷ አራቀው። እትዬ ውሃውን ይዘው ሲመለሱ ፊቱን አዩና ማንኪያውን ከእጁ ነጥቀው ቀመሱ።

"ሎሚ ከመጀመሪያው ጨምረህበታል? በሎሚ የተጣደ ምስር እስከ ምጽአት ቢፈላ አይበስልም እኮ። ሎሚ የሚጨመረው በስሎ ከእሳት ሲወጣ ነው።"

"ነግራኝ ነበር።"

"ማን?"

"እሷ። በማንኪያ ብረቱን እየመታች ነገረችኝ። እኔ ሁለተኛውን ጨመቅሁበት።"

እትዬ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ መለሱት። "በቃ፣ ለሌላ ጊዜ ታውቃለህ። ስንቷ ሴት በዚህ ተሳስታለች።"

"ይውሰዷት፣ እትዬ።"

"ትቆይ አልኩህ እኮ።"

"እዚህ እንድትቆይ ብላ የሰጠኋትን ሁሉ ትውጣለች። ምስማር ባጎርሳት ትውጣለች። አንድ ቀን አንቋት ታርፋለች፤ እኔ ያኔም ጣፈጣት እያልኩ አወራለሁ።"

እትዬ ጎንበስ ብለው ቦርሳውን አነሱና የሌሊት ልብሷን፣ ሹራቧን፣ መድኃኒቷን ከተቱ። ሚስቱ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ከጉሮሮዋ ድምፅ ታወጣለች፤ ቃል የለውም፤ ራዲዮ ግን ይህን ጊዜ አንድም ሳይጎድል ተረድቷታል። ታክሲ ጠራ። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተሸክሟት ደረጃውን ሲወርድ ግራ እጇ የኮቱን ኮሌታ ጨበጠ። የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጣት፤ አልለቀቀችም። ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየና ሞተሩን አስነሳ። እትዬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ራዲዮ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታቸው። የመጨረሻዋ፣ ትንሿ ጣት፣ ከሁሉም አስቸገረችው።