በጢያራ ታኬታ ውስጥ ሚስማር አልነበረም

አልነበረም ብያለሁ አልነበረም! አንተ ደሞ ማነህ፣ ከወዲያ ማዶ ሆነህ «ታሜ ሚስማሩን መትቶ ነበር፣ ግን ታጠፈበት» የምትለኝ? የኔ ሚስማር ታጥፎ አያውቅም። አዲሱ ገበያ ከተደረደሩት ጫማ ሠሪዎች ውስጥ ሚስማር በአንድ ምት የሚያስገባ ጥራ ብትባል፣ ታምሩ ሳትል ምሳህን አትበላም። ሌላው ደሞ «የሠሩት ጋሽ ደሳለኝ ናቸው፣ እሱ ክር ነው ያቀበለው» ይላል። ክር! እሺ በቃ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ጽሕፈቴ ላይ እንዳትስቁ። ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፣ የቀረውን መሠረተ ትምህርት ነው የሞላልኝ። እዚያም ከኋላ ወንበር ነበርኩ።

ጫማ ሠሪው ጋሽ ደሳለኝ ሱቅ ሥራ ልማር የገባሁ ቀን አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ፀጉሬን አበጥሬ፣ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።

«ምን ትችላለህ?» አሉኝ።

«ሁሉን እችላለሁ።»

«እንግዲያ ምንም አትችልም። ቁጭ በል።»

አንድ ጣሳ ሙሉ የተጣመመ ሚስማር ሰጡኝና እስከ ቀትር ሳቃና ዋልኩ። ከሰዓት አንድ የሴት ጫማ ሰጡኝ፣ ታኮው የተነቀለ። ጫማው የሚገለበጥበት የብረት እግር ላይ አጠለቅሁት፣ አራት ሚስማር ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ! «ጨረስኩ ጋሽዬ!»

«እጅህን ክተት።»

«ምን ውስጥ?»

«ጫማው ውስጥ ነዋ! አፍህ ውስጥ ልልህ ነው?»

ከተትኩ። አንዷ ሚስማር ጣቴን ወጋችኝና ጮህኩ። ጋሽ ደሳለኝ ቀና እንኳ ሳይሉ «አሁን እሷን መሆንህ ነው» አሉኝ። እሷ ማለት የጫማዋ ባለቤት ናት። ከዚያ በኋላ ሕጉ ይኸው ነው፣ ሌላ ሕግ የለንም። ጫማ ስትጨርስ ባዶ እጅህን ትከታለህ፣ ከጣት እስከ ተረከዝ ትዳብሳለህ፣ ከዚያ ነው ለሰው የምትሰጠው።

እኛ ቤት ማዕረግ አለ። ከታች ቀለም ቀቢ፣ ከሱ በላይ ጠጋኝ፣ ከሱ በላይ ሶላ ቀያሪ፣ ከሁሉ በላይ ቆዳ ቆራጭ፣ ማለትም ጋሽ ደሳለኝ። እኔ ሶላ ላይ በሁለት ዓመት ደረስኩ። (ጋሽ ደሳለኝ አራት ነው ይላሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ይረሳሉ።)

ታኬታ ግን ለብቻው ነው። ያኔ የኳስ ጫማ ከየት ይገኛል? ተጫዋቹ ከታላቁ የወረሰውን አሮጌ ይዞ ይመጣል። እኛ የከባድ መኪና ጎማ በካራ እንቆርጣለን፣ ክብ ክብ እናደርገዋለን፣ ሦስቱን ደራርበን ከሶላው ሥር እንቸነክራለን፣ በሞረድ እናስተካክላለን። የታኬታው ጥርስ ይህ ነው። ጣጣው ሚስማሩ ረጅም መሆኑ ነው። ወደ ውስጥ ያልፋል። ጫፉን አጥፈህ፣ ደብድበህ፣ በቆዳ ካልሸፈንከው ተጫዋቹ በደም ነው የሚጫወተው። ጋሽ ደሳለኝ ዓይናቸው ሲደክም ታኬታውን ሁሉ ለኔ ተዉልኝ። የሰፈራችን ፋብሪካ ቡድን አሥራ አንዱም በኔ ጥርስ ነበር የሚሮጠው።

ከአሥራ አንዱ አንዱ ግርማ ጢያራ ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ያሽጋል፣ እሁድ ይበራል፣ ለዚህ ነው ጢያራ የተባለው። አንድ ቀን መጣና «ታሜ፣ ቀኙ ይዋኝብኛል» አለኝ። እግሩን ለካሁት። ቀኝ እግሩ ከግራው ባንድ ጣት ያንሳል! እናቱም አታውቅም። ከበግ ቆዳ ጠጉሩ ያለበትን ቆርጬ ከውስጥ አነጠፍኩለት፣ ተረከዙ ላይ ደሞ ሁለት ስፌት አቋርጬ ምልክቴን አደረግሁ። በዚያው እሁድ ሁለት አገባ። ሁለቱንም እኔ ነኝ ያገባሁት አልልም። አንዷ ግን የኔ ናት።

ሰፈሩ ለጢያራ ያበደ ነበር። ሜዳው በር ላይ ቆሎ የሚሸጡት እትዬ ወርቄ «ልጄ» ነው የሚሉት፣ ባገባ ቁጥር ለቆመው ሁሉ በነፃ ያዘግናሉ። የደጋፊው አለቃ አለሙ ጥሩምባ ደሞ አዲሱ ገበያ ሲያስነጥስ ቁስቋም ላይ ይማርህ የሚባል ሰው ነው። ጢያራ ሲያገባ የሱን ድምፅ መስማት ነበር!

ከዚያ አንድ ሰኞ ጢያራ የለም። ድሬዳዋ ያለ ቡድን ወስዶታል። ታዝዞ ነው ያለ አለ፣ ጠይቆ ነው ያለ አለ። አለሙ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ «ጢያራ ከዳ! ጢያራ ከዳን!» ብሎ ለቀቀው።

የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳንጠለጠለ እየሮጠ መጣ። «ማነው የከዳው? በየት በኩል ወጣ?»

«ኧረ ኳስ ነው ጓድ!»

«ኳስ በየት በኩል ወጣ?»

«በባቡር...»

በቃ፣ አለሙ ቀበሌ ገባ። እስከ ስድስት ሰዓት አቆዩት። ሊቀመንበሩ «ጓድ አለሙ፣ ሠራተኛ አይከዳም። ተዛወረ ነው የሚባለው። ድገም» አሉት። «ተዛወረ።» «ጮክ በል!» እሱን ጮክ በል ብለው! መስኮቱ ነው የተንቀጠቀጠው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የጉለሌ ትልቁ ስድብ «ተዛዋሪ» ሆነ። ባሏን አኩርፋ እናቷ ቤት የሄደች ተዛዋሪ፣ ዕቁብ የቀየረ ተዛዋሪ፣ ሽሮ ሜዳ አደርስሃለሁ ብሎ መንገድ ላይ የሚያወርድህ ባለታክሲ ተዛዋሪ። ማንም ሊከስህ አይችልም፣ የመንግሥት ቃል ነው።

እሁድ እሁድ ጋሽ ደሳለኝ ሱቅ ሬዲዮ ላይ እንሰበሰባለን። ጢያራ አገባ ይባላል። ከዚያ አለሙ «ይሄ ተዛዋሪ! እግሩ ይሰበር!» ይላል። እትዬ ወርቄ «ያንተ ምላስ ይቆረጥ!» ይሉታል። ትንሽ ቆይቶ አለሙ ራሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በየትኛው እግሩ ነው ያገባው? በግራ? በግራ መምታት እኮ እኔ ነኝ ያስተማርኩት» ይላል። ሁለት ሳምንት ስሙ ሳይጠራ ሲቀርማ አለሙ ከሳ። «አሞት ይሆን? ያገሩ ሙቀት...» ይላል። «እግሩ ተሰብሮ ይሆናላ፣ አንተ ስትለምን አልነበር?» ስለው መዶሻ ወረወረብኝ። የራሴን መዶሻ።

በኋላ ወሬ መጣ። የድሬዳዋው ቡድን የፋብሪካችን ሜዳ ላይ ለወዳጅነት ጨዋታ ሊመጣ ነው፣ ከነጢያራ። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ስለሌላ ነገር አላወራም።

ቅዳሜ ከሰዓት ጢያራ ሱቃችን በር ላይ ቆመ። አዲስ ጃኬት፣ ወፍሯል፣ ፊቱ ያበራል። ናፍቆኝ ነበር፣ ግን ኮራሁበት።

«አቶ ተዛዋሪ፣ ምን እንታዘዝ?»

ሳቀ። «ታሜ ሙት፣ አትሙት። ይቺን ሥራልኝ።» ከቦርሳው ያቺን አሮጌዋን ታኬታ አወጣ። ሁለቱ ስፌቶቼ ተረከዙ ላይ አሉ። ከቀኙ አንድ ጥርስ ወልቋል፣ ሶላው አፉን ከፍቷል።

«አዲስ አልሰጡህም?»

«የውጭ ነው የሰጡኝ። እግሬ እምቢ አለ።»

«እዚያ ጫማ ሠሪ የለም?»

«አለ። እጁን ግን አይከትም።»

እንዲህ ሲለኝ ጆሮዬ ጋለ። ነገ ጠዋት እወስዳታለሁ ብሎ ሄደ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አለሙ ከሁለት ሰዎች ጋር ገባ።

«ታኬታውን ትቷል?»

«ትቷል።»

ጎንበስ ብሎ፣ በሱ ቤት በሹክሹክታ፣ «አንዲት ሚስማር» አለኝ። «አንዲት ብቻ። ጫፏ ትንሽ ብቅ ትበል። እንዲነክሰው ነው እንጂ እንዲገድለው አላልኩም።»

«የሰው እግር ነው አለሙ።»

«የተዛዋሪ እግር ነው! ነገ እኛው ሜዳ ላይ፣ እኛው ላይ ሲያገባ ልታየው ነው? ካልሠራህ ከሰኞ ጀምሮ አንድ የጉለሌ ጫማ እዚህ በር አይደርስም። አንተም ተዛዋሪ ነህ።»

ጋሽ ደሳለኝን አየኋቸው። እሳቸው ወስፌያቸውን ሰም እየቀቡ «ሱቁ የኔ ነው። እጁ የሱ ነው፣ እሱ ይወቅ» አሉ። አለሙ ወጣ።

እዚህ ላይ አልዋሽም። ሚስማሯን መታኋት። አለሙን ፈርቼ ብቻ አይደለም። ጢያራ ሲሄድ ደህና ሁን ሳይለኝ ነበር የሄደው፣ ያ ውስጤ ቀርቶ ነበር። ጥርሱን ቸነከርኩ፣ ሶላውን በማስቲሽ ለጠፍኩ፣ ሰፋሁ፣ የበግ ቆዳውን ቀየርኩ። ከዚያ አንዲት ቀጭን ሚስማር መርጬ አውራ ጣቱ የሚያርፍበት ላይ፣ ጠቅ! ባንድ ምት፣ ቀጥ ብላ ገባች።

ጨረስኩ። እጄ ገባ። እኔ ግባ አላልኩትም! ስንት ዓመት የለመደ እጅ ነው፣ ሥራ ሲያልቅ ይገባል። ወጋችኝ። ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ጮህኩ።

ጋሽ ደሳለኝ ቀና ሳይሉ «አሁን እሱን መሆንህ ነው» አሉ።

ሳቄ መጣ። እሳቸውም ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጉጠት አንስቼ ሚስማሯን ነቀልኩና ኪሴ ከተትኳት። እጄን መልሼ ከተትኩ፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሷል።

ልንዘጋ ስንል አለሙ ብቅ አለ። «እህስ?» አለኝ። የደማ ጣቴን አሳየሁት። «ሞከርኳት» አልኩ። ግንባሬን ሳመኝ። ዋሸሁ? አልዋሸሁም።

አለሙ ምስጢር አይችልም። በማግስቱ ሜዳው ዙሪያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ፣ ከእትዬ ወርቄ በቀር፣ ሚስማሯን ያውቃል። ጢያራ ሲገባ «ተዛዋሪ! ተዛዋሪ!» አልነው። እጁን አውለበለበልን። መሮጥ ሲጀምር ግን ቀኙን ሳብ፣ ሳብ አደረገ።

«ገባችለት!» አለ አንዱ ከኋላዬ። ሰው ተሳሳቀ።

እኔ አውቃለሁ፣ አዲስ የበግ ቆዳ እስኪተኛ እግር ይይዛል። ግን ላብ አጠመቀኝ። የጥርሱ ሚስማር አንዱ ጫፉ ተነስቶ ይሆን? ዳብሼዋለሁ እኮ። ደህና አድርጌ ዳብሼዋለሁ?

ጢያራ ኳስ ይነካል፣ ይቆማል፣ ያነክሳል። ቀስ በቀስ ሳቁ ጠፋ። «ደም ይሆን?» አለ አንዱ። «ኧረ ይብቃው» አለ ሌላው። እትዬ ወርቄ ቅርጫታቸውን አስቀመጡ። «ልጄን ምን አርጋችሁት ነው?» አሉ። አንዱ አፉን ከፍቶ ነገራቸው። መጡና የቆሎ መስፈሪያውን ጣሳ አንስተው አናቴን አሉኝ። «አንተ! ቆሎዬን እየዘገንክ!»

ለዕረፍት ሲወጡ አለሙ አጠገቤ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ታሜ፣ በናትህ፣ ሂድና አውልቅ በለው።»

«አንተ አይደለህ እንዴ ያልከኝ?»

«እኔ እብድ ነኝ! እብድ ይሰማል እንዴ? ያ እግር እኮ የኛ ነው!»

ልነግረው እችል ነበር። ግን መዶሻዬን የወረወረብኝ ትዝ አለኝ። «ጨዋታው ይለቅና» አልኩት። ዳኛው ነፋ።

ከዕረፍት በኋላ ቆዳው ተኛ። ጢያራ ከመሃል ኳሷን ያዘ፣ አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ በቀኙ፣ በዚያችው በቀኙ፣ ለቀቃት። መረቡ ተወጠረ።

እኛም ተነሣን። ጉለሌ በሙሉ ተነሣ! «ጎ.....ል!» አለሙ ጥሩምባ እንደዚያ ጮሆ አያውቅም። እኔን አቅፎ ያነሣኛል፣ እትዬ ወርቄ ቆሎውን በእፍኝ ሳይሆን በቅርጫት ይበትናሉ፣ ያ የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን ለጎረቤቱ አስይዞ ያጨበጭባል። የራሳችን በረኛ ኳሷን ከመረብ አውጥቶ ወገቡን ይዞ ያየናል።

ያኔ ገባን። ያገባው በኛ ላይ ነው። ሰዉ አንድ በአንድ ቀስ እያለ ተቀመጠ። ከዚያ አንዱ በቀጭን ድምፅ «ተዛዋሪ» አለ፣ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ተሸንፌ አላውቅም።

ሲያልቅ ጢያራ ታኬታውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። የታሰረ ጣቴን አየ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ሥራ ነው።»

ታኬታዋን ገልብጦ ሳማት። «ደህና ሁን ታሜ» አለኝ፣ በዚህኛው አልረሳም። አለሙ መሬት መሬት ያያል። ጢያራ ሲርቅ እጄን ኪሴ ከተትኩና ሚስማሯን አለሙ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩለት። አያት፣ አየኝ፣ አያት። ይሰድበኛል ስል አቀፈኝ፣ ጎድኔ እስካሁን ያመኛል። ሰኞ ጠዋት የራሱን፣ የሚስቱንና የአማቱን ጫማ ይዞ መጣ።

እንግዲህ ለምትማሩ ልንገራችሁ፣ ጫማ ስትጨርሱ እጃችሁን ክተቱ። የወዳጅም ይሁን የተዛዋሪ። ሌላ የማውቀው ነገር የለም።

«ታጠፈበት» የሚለውን ወሬ የሚነዛው ደሞ ራሱ አለሙ ነው፣ ስላፈረ። ሚስማሯን ግን አልጣላትም፣ የቤቱ ቁልፍ ላይ አንጠልጥሏት ይዞራል። አላምንም የምትል ሂድ፣ አዲሱ ገበያ ውረድና «አለሙ፣ ቁልፍህን አሳየኝ» በለው። ቀጥ ያለች ካልሆነች ተመልሰህ ና፣ ጫማህን በነፃ እሠራለሁ። እሱ እምቢ ካለህ እትዬ ወርቄን ጠይቃቸው። ጣሳውን ሲያነሡ ግን ፈንጠር በል።