ለምድ የለበሰው እንግዳ

ስደተኛ ሁሉ ሲያወራ ከአገሬ የወጣሁት በሌሊት ነው ይላል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ አዋሳ መናኸሪያ ላይ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ባዶ ዘምቢል አንጠልጥዬ ነው። በሌሊትማ ሰዓት እላፊ አለ፤ በሌሊት የተንቀሳቀሰ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። በቀን የሚንቀሳቀስም ተጠርጣሪ ነበር፤ ቢሆንም የቀን ጠያቂን በወሬ መሸኘት ይቻላል። የዋዜማው ሌሊት ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። እኔና ባለቤቴ ሳሙኤል መብራት አጥፍተን በሹክሹክታ ስንመክር፣ ታናሽ እህቴ አስቴር በሩ ሥር ቁጭ ብላ የውጭ ኮቴ ስታዳምጥልን ነጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ጴንጤዎች ነን። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር የምንጸልየው በየሰው ቤት ነበር፤ እኔ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ወንድምና እህቶች «ልንለካ ነው» እያሉ ወደ እኛ ይመጣሉ። ከጎረቤት አንዷ «ይኼ ሁሉ ሰው ይለካል፣ አዲስ ልብስ የለበሰ ግን አላየሁም» ብላ ሳቀችብኝ። ሳሙኤል መዘምራኑን ይመራ ስለነበር ታስሮ ተፈቷል፤ ሁለተኛ ከተያዘ እንደማይወጣ ደግሞ የፈቱት ሰዎች ራሳቸው ነግረውታል። አብረን ብንጠፋ ዕለቱን ይታወቃል። ስለዚህ እኔ ቀድሜ ልወጣ፣ የታመነ መንገድና የታመነ ሰው ሳገኝ ልልክበት፣ እሱም ሊከተለኝ ተስማማን።

የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ ቀበሌ ስሄድ ሊቀ መንበሩ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ዲላ ምን አለሽ?»

«ክር ልገዛ ነው ጓድ።»

«አዋሳ ክር የለም?»

«ቀዩ አልቋል።»

«ቀይ ክር ለምን አስፈለገሽ?»

«ለአብዮት በዓል ባንዲራ የምሰፋው በምንድን ነው? በነጭ ልስፋው?»

ቀይ ክር አይገዛም ብሎ ማን ይፈርማል! ማኅተሙን ሲመታ እጁ ጠንከር ብሎ ነበር። ሳሙኤል መናኸሪያ ድረስ አልሸኘኝም። እንደ ወትሮው ወደሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሲወጣ በሩ ላይ «ደህና ዋይ» አለኝ፤ እኔም «ደህና ዋል» አልኩት። ማታ እንደሚገናኙ ሰዎች።

ከዲላ እስከ ሞያሌ፣ ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አቧራውንም ፍርሃቱንም ደግሜ አላሰለቻችሁም። በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደግነት ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ደረስኩ። የመጀመሪያው መከራ የገጠመኝ የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ውስጥ ነው። አስተርጓሚው የአገራችን ሰው ነው፤ የአገራችን ሰው ስለሆነም ከፈረንጁ ይልቅ እሱን ፈራሁት።

«ፖለቲከኛ ነሽ ወይ ይልሻል።»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን አድርገሽ ሸሸሽ?»

«ዘመርኩ።»

አስተርጓሚው አንድ ነገር አለ። ፈረንጁ ቅንድቡን አነሳና በፈገግታ መለሰ።

«ዘፋኝ ከሆነች እዚህም ምሽት ክበብ ሞልቷል፣ ሥራ አታጣም ይልሻል።»

«ዘፋኝ ነች አልከው?» ብዬ ብድግ አልኩ። እድሜዬን ሙሉ ዘፈን ባለበት ቤት ደጅ ሳልቆም ኖሬ፣ በአንድ ቃል አዝማሪ ሆኜ አረፍኩት። ቀጥሎ ደግሞ ጸሎት ቤቱ መታሸጉን የሚያሳይ ማስረጃ አምጪ ተባልኩ። ያሸገው ሰው ደረሰኝ አይሰጥም ብላቸው አልገባቸውም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ሥራቸው።

ስለ ላም ካነሳሁ አይቀር፣ ሥራ ያገኘሁት ፍራው ሂልዳ በምትባል ሴትዮ የካፖርት መደብር ውስጥ ነው። ፍራው ማለት እንደ ወይዘሮ ነው። የክረምት ካፖርት ብቻ ነው የምትሸጠው፤ የቀበሮ ጸጉር አንገትጌ ያለው፣ ከነጸጉሩ የተሰፋ፣ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚወደደው ቆዳው ወደ ውጭ፣ ሱፉ ወደ ውስጥ የሆነው። ይህንን የመጨረሻውን «ላምፌል» ትለዋለች። ገለጥ አድርጌ ባየው፣ ባሸተው፣ የለየለት በግ ነው። ይህች ሴትዮ በግን ላም ነው እያለች ነው የምትሸጠው ብዬ ሰነበትኩ። ደንበኛ በገባ ቁጥር «ምስኪን ተታለለች» እያልኩ አንገቴን እደፋለሁ። በኋላ ነው በእነሱ አፍ ላም ማለት ግልገል በግ መሆኑን የተረዳሁት። ይኼ እንግዲህ በሰው አገር ቃል የቀለደብኝ መጀመሪያው ነበር።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት ሽፋን ልጠግን ነው። አንድ ቀን ግን አንዲት ደንበኛ ረጅሙን ካፖርት ለብሳ መስተዋት ፊት ስትቆም ምርግ መሰለች። አላስቻለኝም። እጆቿን ከእጅጌው አስወጥቼ፣ ሁላ ተራራ ላይ አባቶቻችን ቡልኳቸውን እንደሚደርቡት ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት፤ ያ ብርድ የሚያስጥል የጥጥ ጋቢ እንዴት እንደሚያኮራ ታውቃላችሁ። ሴትዮዋ ቀጥ ብላ መራመድ ጀመረች። ፍራው ሂልዳ ከመነጽሯ በላይ አየችኝና ከዚያ ቀን ጀምሮ መርፌውን ተቀብላ መስተዋቱን ሰጠችኝ።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ካፖርቱ ሲጮህ የውስጡ ልብስ ዝም ማለት አለበት፤ ጸጉራም ካፖርት ላይ አበባ ያለበት ቀሚስ ጨምሮ የሚለብስ ገበያ መስሎ ይወጣል። ወፍራም ካፖርት ከስስ ሹራብ ጋር ነው፤ አጭሩ ጃኬት ከጠባብ ሱሪ፣ ረጅሙ ከቡት ጫማ። ላምፌል እስከ አንገት አይቆለፍም፤ አንገትጌው ተገልብጦ ሱፉ ፊትን እንዲያሞቅ ይደረጋል። እኔ በልቤ ላምፌል ብዬው አላውቅም። ለምድ ነው የምለው። የደጋ ሰው ከብርድ የሚደርበው የበግ ቆዳ እኮ ነው፤ እነሱ ቁልፍ ጨመሩበት እንጂ።

ከተማውን ግን አላመንኩትም። ፀሐይ ወጥታ አታሞቅም፤ ይህ እንኳ ማታለል ነው። ዓሣቸው አራት ማዕዘን ነው፤ ራስ የለው፣ አጥንት የለው። አዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ሲገዛ ዓይኑ ታይቶ፣ ጉሮሮው ተገልጦ ነው፤ ፊቱን ያላየሁትን ዓሣ እንዴት አምኜ እበላለሁ? የአገሬን ሰው ደግሞ መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር ወደ ሌላው ጥግ እሻገራለሁ። ኤምባሲው ጆሮ አለው ይባላል፤ የአንዱን ስም እዚህ ጠርተው የእናቱን በር እዚያ ያንኳኳሉ ይባላል።

ተፈራ ወደ መደብሩ የገባው በዚህ መሀል ነው። ገና ከበሩ የእኛ ሰው መሆኑን አወቅሁ። በእንግሊዝኛ «ከየት ነሽ?» አለኝ።

«ኬንያ» አልኩት።

«ናይሮቢ?»

ያን ጊዜ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «እህ» አልኩ። የትኛው ኬንያዊ ነው በትንፋሽ አዎ የሚለው! ሰውዬው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «እኔም እንደ አንቺው ኬንያዊ ነኝ። ከአዋሳ» አለኝ በአማርኛ።

የግብርና ባለሙያ ነው፤ ለአጭር ሥልጠና መጥቶ ተመልሶ አዋሳ የሚገባ። ደጋግሞ መጣ። በጠየቀኝ ቁጥር ዋሸሁት፤ ባል የለኝም አልኩት፣ ስሜን ቀየርኩበት። አንድ ቀን ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ማርታ» አለኝ በእውነተኛ ስሜ። «ባለቤትሽ ሳሙኤል የእህቴን ልጅ ያስተምራል። አንቺ ክር ልትገዢ ሄደሽ እንደቀረሽ አዋሳ ሁሉ ያውቃል። ከሌላ ከምትሰሚው ከእኔው ስሚው፤ እኔ የፓርቲ አባል ነኝ። ለእንጀራዬ ነው። ሰው አሳልፌ ሰጥቼ ግን አላውቅም።»

ሦስት ሌሊት አወጣሁ አወረድኩ። በመጨረሻ ያሳመነኝ ይኸው ኑዛዜው ነው፤ ሊበላኝ የመጣ ቢሆን ኖሮ ጥርሱን ባላሳየኝ ነበር። የአክስቱ ልጅ የሞያሌ መስመር ሾፌር ነው፤ ሳሙኤልን ረዳቴ ነው ብሎ ሊያሻግረው ይችላል። ወረቀት መያዝ አይሆንም፤ አየር ማረፊያ ይፈተሻል። ተፈራ ሁሉንም በቃሉ ይዞ ሊሄድ ተስማማን። ፍራው ሂልዳ አንገትጌው የተበላሸ ላምፌል ጃኬት ነበራት፤ ለምኜ ወስጄ አንገትጌውን በራሴ እጅ ቀየርኩና አለበስኩት። ትከሻው ላይ ልክ ሲቀመጥለት «ይኼን ለምድ ለብሼ ብሄድ አዋሳ ያብድብኛል» አለ። ሁለታችንም ሳቅን። ስም መጥራት ሳያስፈልገኝ ለሳሙኤል ምልክት የሚሆነው እሱ ነው አልኩ፤ በአዋሳ ሙቀት ሌላ ማን ይለብሰዋል!

አዋሳ፣ ከቤታችን ጎረቤት ሱቅ ውስጥ ስልክ አለ፤ እዚያ ደውዬ ሳሙኤልን አስጠራሁት። ስልክ እንደሚጠለፍ ሁላችንም እናውቃለን፤ አጭር መናገር አለብኝ።

«ሳሚ፣ እንግዳ ይመጣል።»

«የምን እንግዳ?»

«የበግ ለምድ የለበሰ። ስታየው ታውቀዋለህ።»

«የበግ ለምድ የለበሰ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ። እኔንም በደንብ ያውቀኛል።»

«ገባኝ ማርትዬ። ጌታ ይባርክሽ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ።»

ስልኩን ዘግቼ ከተሰደድኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ ዘመርኩ። አከራዬ ግድግዳውን ደበደበ፤ ይደብድብ አልኩ። ለአንድ ሰው አልጋ የነበረውን ክፍል ለሁለት አዘጋጀሁ፣ ለሳሙኤል የሚሆን ካፖርትም በልቤ መረጥኩ። ቡኒውን፣ ቀበቶ ያለውን።

ከናይሮቢ ግን ወሬ አልመጣም። አንድ ወር አለፈ፤ ሌላም ተጨመረ። በመጨረሻ ጨንቆኝ ሱቁ ጋ ደወልኩ። አስቴር እየሮጠች መጣች።

«እታለም! ያ ያልሽን መጣ። እንደነገርሽን አባረርነው!»

«ማንን?»

«ተኩላውን ነዋ! በዚያ ሙቀት ለምዱን ለብሶ፣ ላቡ ጠብ እያለ። እኛ እኮ አባባል መስሎን ነበር፤ ሰውየው ጭራሽ ለብሶት መጣ! አፉ ማር ነው፤ ስምሽን ሳይቀር ያውቃል። ደግሞ መጣ፤ ውሻ ፈታሁበት።»

እኔ ካፖርት ውስጥ ውዬ ካፖርት ውስጥ ሳመሽ፣ በእኛ ቤት የበግ ለምድ የለበሰ ሲባል ከተኩላ በቀር ሌላ ትርጉም እንደሌለው ረስቼው ኖሯል። ያን ቃል ከሰንበት ትምህርት ጀምሮ ስንማረው ያደግነው ነው። ሳሙኤልም የሰማው እንደዚያው ነው።

«ሳሙኤልስ?»

«አንቺ በደወልሽ ማግስት ተነስቶ…» ብላ አቋረጠች።

«የት ሄደ?»

መነጋገሪያውን በእጇ ስትሸፍነው ተሰማኝ።

«አስቱ፣ ስሚኝ። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው። እኔ ነኝ የላክሁት። እመኚው፤ ሳሙኤል ያለበትን ንገሪው።»

«እታለም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አጠገብሽ ማን አለ?»

«ማንም የለም!»

«እንዲህ በይ ብለውሽ ነው? ኤምባሲ ነው ያለሽው?»

«አይደለም! ለምድ ያልኩት ካፖርት ነው፣ የበግ ቆዳ ካፖርት፣ እኔ ራሴ ነኝ ያለበስኩት…» እያልኩ ለራሴ እንኳ ውሸት መሰለብኝ። እያለቀስኩ ነበር፤ ማልቀሴም እጄን ጠምዝዘው የሚያናግሩኝ አስመሰለኝ መሰለኝ። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ይቅርታ እመቤት» አለችኝ። «እርስዎ የሚፈልጉት ሰው እዚህ የለም። ቁጥር ተሳስተው ይሆናል።»

ዘጋችው።

በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት እህቴ እርስዎ አለችኝ። አልተቀየምኳትም፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው፤ ግን ያ ቃል እስካሁን ያመኛል። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ደውያለሁ። ሱቁ ውስጥ የሚያነሳ ሰው አለ፤ ስሜን ስናገር ይዘጋል።

ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ከእናንተ ወደ አገር የሚመለስ አለ፣ ባለቤቴ ተሸሽጎበታል ብዬ ወደምገምተው ደጋ፣ ወደ ሁላና ወደ በንሳ የሚወጣም አለ። ስሞቹን ቀይሬያለሁ፤ ባለቤቴ ግን ቢሰማው ራሱን ያውቃል። አስተማሪ ነው፤ ሲዘምር ዓይኑን ይጨፍናል። ካገኛችሁት ሰውየው እውነተኛ እንግዳ ነበር በሉት። የለበሰው ካፖርት ነው።