ነገም በዚያው ሸሚዝ

ታላቅ ወንድሜን ዮናስን ያጣሁት ባለፈው ነሐሴ ድሬዳዋ ላይ ነው። ስለ አሟሟቱ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ስለዚያን ቀን ጠዋት ግን የጠየቀኝ የለም። እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ደግሞ ጠዋቱ ነው።

ከአዳማ የመጣነው ልብስ ልንገዛ ነበር። ዮናስ ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ከሚባለው ገበያ እየገዛ አዳማ ይሸጣል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ስለተቀመጥኩ ይዞኝ መጣ። ድሬዳዋን ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ገበያው ስንሄድ ባቡር ጣቢያው አካባቢ፣ ዛፎች ሥር ድንኳን ተጥሎ አየን። ጥቁር የለበሱ ሴቶች ያለቅሳሉ። ዮናስ ለቅሶ አይቶ አያልፍም። የማን እንደሆነ ባያውቅም ገብቶ ትንሽ ይቀመጣል፤ አባታችን እንደዚያ ነው ያሳደገን። ኮፍያውን አወለቀ፤ ጎንበስ ብሎ ገብቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። እኔም ከጎኑ።

ትንሽ ቆይቶ አጠገቡ ያሉትን ሽማግሌ፣ "አባባ፣ ሟቹ ማን ናቸው?" አላቸው በቀስታ።

"እኔ እንጃ አቦ" አሉ ሽማግሌው። "እኛን ለዛሬ አልቅሱ ብለው ነው የጠሩን።"

ወዲያው ከውጭ አንድ ሰው "ካት!" አለ። ለቅሶው ባንዴ ቆመ። ደረቷን ስትመታ የነበረችው ሴትዮ ስልኳን አወጣች። ለካ ፊልም እየቀረጹ ነው። ካሜራው ከቆሙት ባጃጆች ኋላ ስለነበር አላየነውም።

ሳቁብን። ዮናስም አብሯቸው ሳቀ። እኔ ግን ለቅሶው እንደዚያ ሲቆም ደስ አላለኝም።

ዳይሬክተሩ መጣና "ወንድሜ፣ ማንም ሳያዝህ ጥሩ ሠራህ። እንዳትነሳ" አለው። እንደገና ቀረጹ። ያ ፊልም ይውጣ አይውጣ እስካሁን አላጣራሁም። እፈራለሁ።

ሲጨርሱ አንዲት ልጅ ዮናስን በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ሥራዋ ማን የት እንደተቀመጠና ምን እንደለበሰ መዝግቦ መያዝ ነው።

"ቀሪውን ነገ ጠዋት ነው የምንቀርጸው። እዚህችው ቦታ፣ በዚህችው ሸሚዝ። ካልመጣህ ቦታህ ባዶ ሆኖ ይታይብናል።"

"እመጣለሁ። ሌላ ሸሚዝም አልያዝኩም" አላት።

"ልብስ ነጋዴ ነኝ አላልክም እንዴ?" አለች የሟች እናት ሆና የምትሠራው ሴትዮ። ሁላችንም ሳቅን።

ዳይሬክተሩ በተራራው በኩል የጠቆረውን ሰማይ እያየ፣ "ለለቅሶ ጥሩ ደመና ነው" አለ። ከተማው ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ሽማግሌው ብቻ፣ "እዚያ የዘነበው እኛ ጋ ነው የሚወርደው" አሉ።

ከሰዓት በኋላ ገዝተን ጨረስን። ባጃጁ ልብስ በታጨቀበት ማዳበሪያ ሞላ።

"ወሪያ፣ የሚገባው አንድ ሰው ነው። አንተ ቀጭኑ ግባ" አለኝ ባለባጃጁ።

ዮናስ፣ "አንተ ዕቃውን ይዘህ በድልድዩ ዙር። እኔ በአሸዋው አቋርጬ ያረፍንበት አልጋ ቤት በር ላይ እጠብቅሃለሁ" አለኝ። አሸዋው የደረቀ ወንዝ ነው። ሰው እንደ መንገድ ይሄድበታል።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ባለባጃጁ ሞተሩን አጠፋ። "ስማ" አለኝ። ከላይ በኩል ብዙ ከባድ መኪና የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ጎርፍ ነበር። አሸዋው ላይ ሰዎች ሲሮጡ አየሁ። ከመሀላቸው ዮናስን ፈለግሁት።

አልጋ ቤቱ በር ላይም አልነበረም። ሲመሻሽ ፖሊሶች ሆስፒታል ወሰዱኝ። በሸሚዙ ነው የለየሁት።

ሲነጋ አባቴ ከአዳማ መንገድ ላይ ነበር። በዚያ ከተማ አንድ ዘመድ የለንም። ቁጭ ብዬ የማለቅስበት ቤት አልነበረኝም። ዮናስ ደግሞ እመጣለሁ ብሏል። በእግሬ ወደ ዛፎቹ ሄድኩ።

ድንኳኑ እንደቆመ ነው። ሰዎቹ በየቦታቸው ተቀምጠዋል። ባዶው የኛ ቦታ ብቻ ነበር። የዮናስ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ።

ልጅቷ ስልኳን እያየች መጣች። "ያንተ እኮ ከዚህ ቀጥሎ ነው። ወንድምህስ?"

ነገርኳት። ምን ብዬ እንደነገርኳት አላስታውስም። ዳይሬክተሩ ካሜራውን አስጠፋ።

"ስሙን ማን ትሉታላችሁ ልጄ?" አሉኝ ሽማግሌው።

"ዮናስ።"

የሟች እናት ሆና የምትሠራው ሴትዮ ተነስታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስሙን እየጠራች አለቀሰች። ያን ጊዜ እኔም አለቀስኩ። አባቴ ደውሎ "ደርሻለሁ፣ የት ነህ?" እስኪለኝ ድረስ ከድንኳኑ የወጣ ሰው አልነበረም።